ወሲብ የሚገዛ ሰው ቅጣት ይፈራል?

የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በ2011 ዓ.ም. የጎዳና ልመናንና የጎዳና ላይ የወሲብ ንግድን የሚከለክል ሕግ እያዘጋጀ መሆኑን ሲያስታውቅ ከወትሮው የተለየ ነገር ተሰማ። ቅጣቱ መንገድ ላይ በቆሙት ሴቶች ላይ ብቻ አያርፍም፤ ገንዘብ ከፍሎ የሚወስዳቸውም ይቀጣል ተባለ። ስለ ሴተኛ አዳሪነት በተነሣ ቁጥር ክርክሩ ስለ ሴቷ ብቻ መሆኑን ለለመድን ሰዎች ይህ ትልቅ ለውጥ ነበር። አለባበሷ፣ የቆመችበት ቦታ፣ ከየት እንደመጣች፣ ለምን ሌላ ሥራ እንደማትፈልግ ሲተነተን ይኖራል። መኪናውን አቁሞ መስኮቱን ዝቅ ያደረገው ሰው ግን አይነሣም።

ሕጉ ፊቱን ወደ ገዢው ማዞሩ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። ከሁለቱ ሰዎች የተሻለ ምርጫ ያለው እሱ ነውና። ይሁን እንጂ አንድ ሰው ቅጣት ይገባዋል ማለት ቅጣቱ ሌሎቹን ያስቀራቸዋል ማለት አይደለም። ሁለተኛው ጥያቄ ራሱን ችሎ መመለስ አለበት፤ መልሱን ሳናውቅ የምናወጣው ሕግ ዋጋ የሚያስከፍለው ገዢውን ላይሆን ይችላልና።

በመጀመሪያ ሕጋችን ዛሬ የት እንደቆመ እንይ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ለአካለ መጠን በደረሱ ሰዎች መካከል ወሲብን በገንዘብ መግዛትን በራሱ ወንጀል አላደረገውም። የሚቀጣው በሌላው ገላ የሚነግደውን ነው። አንቀጽ 634 የሚያቃጥረውን፣ በሌሎች ሴተኛ አዳሪነት የሚተዳደረውንና ለዚሁ ተግባር ቤት የሚይዘውን በቀላል እስራትና በመቀጮ ይቀጣል። ሴቶችንና ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን ለዚህ ዓላማ የሚነግድ ሰው በአንቀጽ 635 እስከ አምስት ዓመት፣ ነገሩ ሲከብድ ደግሞ በአንቀጽ 636 እስከ አሥር ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀው ነበር፤ ዛሬ ይህን ወንጀል የሚመለከተው በሰው መነገድን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ነው። በደንብ መተላለፍ ክፍል የሚገኘው አንቀጽ 846 በአደባባይ ሰውን እያስቸገሩ መጋበዝንና ጎረቤት የሚያውክ ሴተኛ አዳሪነትን ይመለከታል። በወረቀት ላይ ከባዱ ቅጣት የተጻፈው በደላላው ላይ ነው፤ ለሴቷ ቀላል ነው፤ ለገዢው ምንም የለም። መንገድ ላይ ግን በአፈሳ ተጭና የምትወሰደው ሴቷ ናት።

ቅጣት ሰውን ከድርጊት የሚያስቀረው መቼ ነው? ጣሊያናዊው ቼዛሬ ቤካሪያ በ1764 እ.ኤ.አ. ያስቀመጠውን ሐሳብ ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች በአመዛኙ አጽንተውታል፤ ከቅጣቱ ክብደት ይልቅ ሰውን የሚገታው የመያዙ እርግጠኝነት ነው። አሥር ዓመት እስራት ቢጻፍበትም ማንም ካልተያዘበት ማንም አይፈራውም። በየቀኑ የሚከፈል ትንሽ መቀጮ ግን ልማድ ይለውጣል። የአዲስ አበባ አሽከርካሪ ይህን ጠንቅቆ ያውቀዋል፤ ትራፊክ ፖሊስ የሚቆምበትን መታጠፊያና የማይቆምበትን ለይቶ ነው የሚነዳው።

ይህን እርግጠኝነት በወሲብ ገዢ ላይ ማምጣት ለምን እንደሚከብድ ለመረዳት ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ በአዲስ አበባው ቺቺኒያ ሰፈር ውስጥ ለውስጥ መንገዶች የሚሆነውን ማየት ይበቃል። መኪናው ፍጥነቱን ይቀንሳል። መስኮቱ እጅ እንኳ በማያስገባ መጠን ይወርዳል። ሴቷ ጎንበስ ትላለች፤ ሾርት ነው ወይስ አዳር፣ የትኛው ፔንሲዮን፣ ስንት። ድርድሩ ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። የፓትሮል መኪና መብራት ከመታጠፊያው ብቅ ሲል ሁለቱም ይበተናሉ፤ እሱ ማርሽ አስገብቶ፣ እሷ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ። እሱ ቢያዝ እንኳ መንገድ ጠፍቶት የጠየቀ ሰው ነው። እሷ ግን ከነአለባበሷ፣ ከነቆመችበት ቦታ፣ በቦርሳዋ ከያዘችው ኮንዶም ጋር ራሷ ማስረጃ ሆና ትቆማለች። ሕጉ ሁለቱንም እኩል ይቀጣል ተብሎ ቢጻፍ የሚይዘው የትኛውን እንደሆነ ከወዲሁ መናገር ይቻላል።

ገዢውን ቀጥቶ ሻጯን ባለመቅጣት የመጀመሪያዋ ስዊድን ናት። ሕጓ በ1999 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ሥራ ላይ ዋለ። ኖርዌይና አይስላንድ በ2009፣ ካናዳ በ2014፣ ፈረንሳይ በ2016፣ አየርላንድ በ2017 እ.ኤ.አ. በየራሳቸው መንገድ ተከተሏት። ስለዚህ በግምት ሳይሆን ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ በዘለቀ ልምድ ላይ ተመሥርተን መነጋገር እንችላለን። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው የውጭ አገር ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የስዊድን መንግሥት በ2010 ያወጣው ግምገማ የጎዳናው ንግድ በግማሽ መቀነሱን አስታወቀ። ከሕጉ በፊት በ1996 በተደረገ ጥናት ወሲብ ገዝተው እንደሚያውቁ የተናገሩት ወንዶች 13 በመቶ ገደማ ነበሩ፤ በ2008 ወደ 8 በመቶ ወረዱ። የሕጉ ደጋፊዎች ከሁሉ በላይ የሚመኩበት አኃዝ ይህ ነው። ነገር ግን ሰዎቹ የተጠየቁት በሕይወታቸው ገዝተው ያውቁ እንደሆነ ነው። በ1996 «አዎ» ያለ ሰው በ2008ም «አዎ» ማለት ነበረበት፤ በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ያ ሁሉ ሰው ሞቶ አላለቀም። እንግዲያው ከቅነሳው ቢያንስ የተወሰነው የመናገር ድፍረት መቀነስ ነው። ድርጊቱ ወንጀል ከሆነ በኋላ ለመጠይቅ አቅራቢ የሚናዘዝ ሰው ያንሳል። በ2017 የአገሪቱ የሕዝብ ጤና ተቋም ሰፊ ጥናት ሲያካሂድ ቁጥሩ እንደገና ወደ 10 በመቶ ተጠግቶ ተገኘ።

ሕጉ ምንም አልሠራም እያልሁ አይደለም። ጎዳናው ላይ ሠርቷል፤ የሠራውም ፖሊሱ በሠራ ጊዜ ነው። በ2010 መንግሥት ለዚሁ ሥራ ተጨማሪ ገንዘብ ሲመድብ በዚያ ዓመት የተመዘገቡት የወሲብ ግዢ ወንጀሎች ከአንድ ሺህ ተሻገሩ፤ በቀጣዩ ዓመት ተመልሰው ወረዱ። የስዊድን ወንዶች በአንዱ ዓመት ክፉ ሆነው በሌላው አልታረሙም፤ የተለወጠው የፖሊስ በጀትና ትኩረት ነው። ፍርድ ቤቶቹም ለብዙ ዓመታት ይወስኑ የነበረው በአብዛኛው እንደ ገቢው የሚሰላ መቀጮ ነበር። ከፍተኛው ቅጣት በ2011 ከስድስት ወር ወደ አንድ ዓመት እስራት ከፍ አለ። በ2022 ደግሞ መቀጮው ቀርቶ የቅጣቱ መነሻ እስራት ሆነ። ሕግ አውጪው ሁለት ጊዜ ተመልሶ ቅጣቱን ያከበደው የቀደመውን በቂ ሆኖ ስላላገኘው ነው።

ከስዊድን ታሪክ እኛን ከሁሉም በላይ የሚመለከተን ግን አንድ ሌላ ነገር ነው። በ2010 የፍትሕ ሚኒስትሯ ቤያትሪስ አስክ፣ በወሲብ ግዢ ለተጠረጠሩ ሰዎች የሚላከው ደብዳቤ ከሩቅ በሚለይ ሐምራዊ ፖስታ ቢላክ መልካም ነው አሉ፤ ቤት ሲደርስ ቤተሰቡና ጎረቤቱ እንዲያውቁት። ገና ያልተፈረደበትን ሰው ማዋረድ ነው የሚል ብርቱ ተቃውሞ ተነሣባቸውና ሐሳቡ ቀረ። ሚኒስትሯ ያሰቡት ነገር ከመሬት የተነሣ አልነበረም። በቺካጎ፣ በለንደንና በስኮትላንድ ገዢዎችን ቀርበው ያነጋገሩ ተመራማሪዎች «ምን ያስቀራችኋል?» ብለው ሲጠይቁ፣ ብዙዎቹ ስማቸውና ፎቶግራፋቸው እንዳይወጣ፣ በወሲብ ወንጀለኞች መዝገብ እንዳይሰፍሩ እንደሚፈሩ ተናግረዋል። ሰው ያስቀረኛል የሚለውና በእርግጥ የሚያስቀረው ነገር አንድ ላይሆን ይችላል፤ አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው።

ታዲያ ለአዲስ አበባ ማጋለጥ አይሻልም? ስም በዕድር፣ በማኅበር፣ በመሥሪያ ቤትና በንስሐ አባት ዘንድ ትልቅ ዋጋ ባለበት ከተማ፣ ከመቀጮው ይልቅ ወሬው ይሠራል ብሎ ማሰብ ቀላል ነው። እኔ አልስማማም። የወንድ ነውር በእኛ ዘንድ ቶሎ ይሰረዛል፤ «ወንድ አይደል» ተብሎ ይታለፋል። ውርደቱን ተሸክማ የምትቀረው ሚስቱ ናት። በዕድሩ ድንኳን ውስጥ አንገቷን የምትደፋው እሷ ናት፤ ትምህርት ቤት የሚሰደቡትም ልጆቿ ናቸው። ምንም ያላጠፋችን ሴት እየቀጣን ገዢውን ቀጣነው ልንል አንችልም።

ነውር በሌላ መንገድም ይፈሳል። የስዊድን ሕግ የተጻፈው ጥፋቱን ከሴቷ አንሥቶ በገዢው ላይ ለመጣል ነበር። በ2008ቱ ጥናት ከአሥር ሰዎች ሰባት ያህሉ የግዢውን ክልከላ ደገፉ፤ ይህ ሕጉ አመለካከት መለወጡን ያሳያል። በዚያው ጥናት ግን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት መሸጡም ወንጀል ይሁን አሉ። ሕጉ ሊያነሣላት ያሰበውን ሸክም ሕዝቡ መልሶ ጫነባት። እዚያ አገር እንዲህ ከሆነ፣ ሴተኛ አዳሪ ቤት ተከራይታ ለመኖር በምትቸገርበት በዚህ ከተማ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ሰሜን አየርላንድ በ2015 ግዢን ወንጀል ካደረገች ከአራት ዓመት በኋላ፣ በቤልፋስት የኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ያቀረቡት ጥናት ሕጉ ፍላጎቱን ስለመቀነሱ ማስረጃ አላገኘም። በኢንተርኔት የሚወጣው ማስታወቂያ እንዲያውም ጨምሮ ነበር። የተፈረደባቸው ገዢዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ፈረንሳይ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ለተያዘ 1,500 ዩሮ፣ ለደጋሚ 3,750 ዩሮ መቀጮ ደነገገች። ከሁለት ዓመት በኋላ «የዓለም ሐኪሞች» የተባለው ድርጅት ከሌሎች ጋር ባካሄደው ጥናት፣ በዚህ ሥራ ከሚተዳደሩት ተጠያቂዎች አብዛኞቹ ገቢያቸው መቀነሱንና ኑሯቸው መክፋቱን፣ ከአሥር አራት ያህሉም ለጥቃት ይበልጥ መጋለጣቸውን ተናገሩ። ጉዳዩ እስከ አውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ደርሶ ፍርድ ቤቱ በ2024 ሕጉ መብት አልጣሰም ሲል ወስኗል። ውሳኔው አገሮች በዚህ ጉዳይ የራሳቸውን መንገድ የመምረጥ ሰፊ ሥልጣን እንዳላቸው ተቀበለ እንጂ ሴቶቹ የተናገሩት ሐሰት ነው አላለም።

ከእነዚህ አገሮች ልምድ አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል፤ ለእኔ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እሱ ነው። ቅጣት መጀመሪያ የሚያባርረው የሚፈራውን ሰው ነው። የሚፈራው ደግሞ የሚያጣው ነገር ያለው ነው፤ ሥራው የታወቀ፣ ትዳር ያለው፣ ጓደኞቹ ጎትተው ያመጡት ወጣት፣ በስብሰባ ሰበብ ከተማ የገባ እንግዳ። ከዚህ ወገን ብዙው ሰው ለመደራደር የማያስቸግር፣ ኮንዶም ተጠቀም ሲባል እሺ የሚል ነው። የሚቀረው ሕግ የማይፈራው ነው፤ የሰከረው፣ ለመደባደብ የማይመለሰው፣ ከዚያ በፊትም ፖሊስ ጣቢያን ደጋግሞ ያየው። ሴቷ ገቢዋ ሲቀንስ ትናንት አይሆንም ያለችውን ሰው ዛሬ እሺ ትላለች። የቤት ኪራዩ አልቀነሰም፤ ለእናቷ የምትልከው ገንዘብም አልቀረም። በመስኮቱ የምታደርገው የግማሽ ደቂቃ ምርመራ፣ ፊቱን ማየት፣ ትንፋሹን መለየት፣ የኋላ ወንበር ላይ ሌላ ሰው መኖሩን ማረጋገጥ፣ ያ ደግሞ ያጥራል፤ «ቶሎ ግቢ፣ ፖሊስ ይመጣል» ይላታልና። በ2020 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ከተሞች በተደረገ ጥናት በሴተኛ አዳሪዎች ዘንድ የኤች አይ ቪ ስርጭት ወደ 19 በመቶ ተጠግቶ ተገኝቷል፤ በጠቅላላው ሕዝብ ዘንድ ግን ከአንድ በመቶ በታች ነው። ስለ ኮንዶም ለመነጋገር የሚቀረውን ጊዜ የሚያሳጥር ሕግ በዚህ ቁጥር ላይ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

የማስረጃው ነገር ከዚህ የባሰ ነው። ወሲብ መፈጸሙ ብቻ ወንጀል አይደለም፤ ክፍያ ወይም የክፍያ ስምምነት መኖሩን ማስረዳት ያስፈልጋል። በፔንሲዮኑ ጠረጴዛ ላይ የክፍሉ ኪራይ ይከፈላል፣ ቁልፍና ፎጣ ይሰጣል። የቀረው ገንዘብ በር ከተዘጋ በኋላ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። ሴቷ የምትኖርበትን ደንበኛ ከስሳ አትመሰክርም። ዐቃቤ ሕግ ፍርድ ቤት ይዞት የሚቀርበው ነገር የለውም። ማስረጃው ፍርድ ቤት የማይደርስ፣ ወሬው ግን ትዳር የሚያፈርስ ወንጀል ሲሆን ደግሞ መንገድ ላይ ለሚያልቅ ድርድር ይመቻል። የያዘው ሰው ክስ ማቋቋም አይጠበቅበትም፤ ሚስትህ ጋ ልደውል ማለቱ ይበቃዋል። ፖሊስ ሳይሆኑ ፖሊስ ነን ለሚሉም በር ይከፍታል። እንዲህ ያለው ገንዘብ የገዢውን ወጪ ይጨምር ይሆናል፤ ወደ መንግሥት ካዝናም ወደ ሴቷም ግን አይሄድም።

ቦታም እንደ ቅጣት ሲታሰብ ቆይቷል። ቤቶቹ ከጠፉ ንግዱ ይጠፋል የሚል እምነት በዚህ ከተማ አዲስ አይደለም። ዉቤ በረሃ ዛሬ በትዝታ የሚነሣ ስም ነው፤ ማታ ማታ ወደዚያ ይጎርፍ የነበረው ሰው ግን ሌሎች ሰፈሮች አገኘ። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ፤ በ2017 የካዛንቺስ ተራ ደረሰ። ዛሬ ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች፣ ደማቅ መብራቶችና ካሜራዎች ተተክለዋል፤ በብርሃን ውስጥ ቆሞ መደራደር በእርግጥ ከብዷል። የመታየት ዕድል ከፍ ሲል ጎዳናው እንደሚጸዳ ከስዊድን ያየነውም ይህንኑ ነው። ግን በብርሃኑ ምክንያት ከመንገዱ የወጣው ሰው ስልክ ይዟል። በቴሌግራም ፎቶ የሚለጥፍ ደላላ አለ፤ ዋጋው፣ ሰፈሩና ሰዓቱ በጽሑፍ ይላካል። ቀድሞ ሁለት ሆነው መንገድ ላይ ይስማሙ የነበሩት ሰዎች መካከል ሦስተኛ ሰው ገባ፤ ከሴቷ ክፍያ ላይ ድርሻውን ይወስዳል። አንቀጽ 634 የተጻፈው በትክክል ለዚህ ሰው ነበር።

ስለዚህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ስመለስ መልሴ ይህ ነው። ቅጣት አልፎ አልፎ የሚገዛውንና የሚያመነታውን ሊያስቀር ይችላል፤ ያውም ፖሊስ በየምሽቱ የሚሠራበት ከሆነ። ልማድ ያደረገውን ከመንገድ ወደ ስልክ ያዛውረዋል። ይህን ለማስፈጸም የሚያስፈልገውን የሰው ኃይልና ገንዘብ ከአዲስ አበባ ፖሊስ ሌሎች ሥራዎች ላይ ወስደን ለአካለ መጠን የደረሱ ሰዎች ስምምነት ላይ ማዋል ትክክል አይመስለኝም፤ በተለይ ይበልጥ አስቸኳይ የሆነ የገዢ ወንጀል በሕጋችን ተጽፎ በቂ ሰው ሳይዝ በተቀመጠበት ሁኔታ።

እሱም ከ18 ዓመት በታች ያለችን ልጅ የሚገዛው ሰው ነው። እዚህ ላይ አዲስ ሕግ አያስፈልግም። አንቀጽ 626 ከ13 እስከ 18 ዓመት ባለች ልጅ ላይ ለሚፈጸም ወሲብ ከሦስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ደንግጓል፤ ከ13 ዓመት በታች ሲሆን አንቀጽ 627 ከአሥራ ሦስት እስከ ሃያ አምስት ዓመት ያደርሰዋል። ገንዘብ ከፍያለሁ፣ ፈቅዳ ነው ማለት አያድንም። ከገጠር በመጣ አውቶቡስ ወርዳ ዘመድ ስትፈልግ በደላላ እጅ የወደቀች፣ ቤት ሠራተኛ ሆና ጀምራ ደመወዟን ተከልክላ ከግቢ የወጣች የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ማታ ቡና ቤት ውስጥ ስትገኝ፣ እሷን የሚወስዳት ሰው በዚህ አንቀጽ ሥር ነው። በእሷ ጉዳይ የገዢው መያዝ እርግጠኛ ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱም ክፍያውን ማስረዳት አያስፈልግም። ማስረዳት የሚያስፈልገው ዕድሜዋን ነው።

ችግሩ ያለውም እዚያ ላይ ነው። በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ ዛሬ አሥራ ስድስት ዓመት የሞላት ልጅ ብዙውን ጊዜ ስትወለድ የተመዘገበ ልደት የላትም። መታወቂያዋ ላይ ደላላው ያስጻፈው ሃያ ዓመት ሊሆን ይችላል። ገዢው «ትልቅ መስላኝ ነው» ይላል፤ መዝገቡም የሐኪም የዕድሜ ግምት ሲጠበቅ ይከርማል፤ እሷም በዚያ መካከል አድራሻዋን ቀይራ ትጠፋለች። በየክፍለ ከተማው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የሚከታተሉ መርማሪዎች የዕድሜ ምርመራውን ልጅቷ በተገኘችበት ሳምንት የሚያስጨርሱበት፣ ቃሏን ዐቃቤ ሕግ ባለበት አንድ ጊዜ ብቻ የሚቀበሉበትና እስከ ፍርዱ ድረስ የምታርፍበት መጠለያ የሚያገኙበት አሠራር ይዘርጋ፤ ለአዲስ የመቀጮ ደንብ ሊመደብ የታሰበው ገንዘብ መጀመሪያ እዚህ ላይ መዋል አለበት። በየዓመቱም ስንት ገዢ በአንቀጽ 626 እንደተከሰሰና ስንቱ እንደተፈረደበት፣ የልጆቹ ስም ሳይነሣ፣ ለሕዝብ ይፋ ይደረግ። ገዢው ስለ መያዝ ዕድሉ የሚያሰላው ከዚህ ቁጥር ነው።